የእንግሊዝ ነጋዴዎችና በጦርነት ጊዜ የሚወረሱ መርከቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ የባሕር ንግድ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ወንበዴ ነው። የለንደንን ነጋዴ እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የያዘ ሹም ወይም ካፒቴን። ከታች ያሉት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዘመኑ በግምት ከ1585 እስከ 1815 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሥታት ተጣሉ እንበል። ነጋዴው ምን አገባውና ንብረቱ ይወሰዳል?

በዚያ ዘመን አስተሳሰብ የነጋዴው ሀብት የንጉሡ ጉልበት ነው። የዛሬ የጨርቅ መርከብ ነገ መድፍ ትጭናለች። ነጋዴው የሚከፍለው ቀረጥ ለወታደር ደመወዝ ይሆናል። ስለዚህ ከጠላት አገር የመጣ ሱፍም ሆነ ስንዴ የጠላት ንብረት ተብሎ ይያዛል። ባለቤቱ በሕይወቱ ሰይፍ ጨብጦ ባያውቅም ለውጥ የለውም።

ከዚህ የባሰ ልማድም ነበር። የአንድ አገር ሰው ቢዘርፍህና ንጉሡ ፍርድ ቢነፍግህ፣ የጠፋብህን ያህል ከዚያ አገር ሰው ከማንኛውም ላይ መውሰድ ትችላለህ። አንዱ ላጠፋው ጎረቤቱ ይክፈል እንደማለት ነው።

የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን የገደበው የ1215ቱ ሰነድ፣ ማግና ካርታ እንኳ በ41ኛው አንቀጹ ይህን ሐሳብ ይዟል። ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ ውስጥ የተገኘ የጠላት አገር ነጋዴ፣ ሰውነቱም ዕቃውም ሳይነካ ይቆይ ይላል። እስከ መቼ? የእኛ ነጋዴዎች እዚያ እንዴት እንደተያዙ እስኪታወቅ ድረስ። የእኛዎቹ ደህና ከሆኑ እሱም ደህና ነው። ካልሆኑስ? አንቀጹ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ለማንም ግልጽ ነው።

ወደብ ላይ መያዝና ባሕር ላይ መማረክ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ወደብ ላይ የአገሩ መንግሥት በአንድ ትእዛዝ የቆመውን መርከብ ሁሉ ያግዳል፣ መጋዘኑን ያሽጋል። ባሕር ላይ ደግሞ የጠላት የጦር መርከብ ወይም ፈቃድ የተሰጠው የግል መርከብ አሳዶ ይይዝሃል።

በእኔ ግምት የወደቡ ይከፋል። ባሕር ላይ ሮጦ ማምለጥ አለ። ወደብ ላይ ግን ነጋዴው ሁሉ ነገሩ እዚያ ነው። ያልሸጠው ዕቃ፣ ያልሰበሰበው ዱቤ፣ ተቀጣሪው፣ አንዳንዴም ልጁ። በአንድ ጠዋት ይሄዳል።

በጣም የታወቀው የወደብ እገዳ የትኛው ነው?

ለእንግሊዞች የ1585ቱ ነው። በዚያ ዓመት ስፔን ውስጥ የእህል እጥረት ነበር። እንግሊዞቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ እህል ይዛችሁ ኑ፣ ምንም አይነካችሁም ተብለው ነበር የሄዱት። በሜይ ወር መጨረሻ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ በወደቦቹ ያሉትን የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የጀርመን መርከቦች ያዙ አለ። መርከቦቹ ለሚያዘጋጀው የጦር ዘመቻ ይፈለጉ ነበር።

ፕሪምሮዝ የምትባል 150 ቶን የለንደን መርከብ በዚያን ጊዜ ቢልባኦ አጠገብ መልሕቅ ጥላ ነበር። መርከበኞቿ 30 አይሞሉም። የአካባቢው ሹም፣ እነሱ ኮሬጂዶር የሚሉት፣ ጥቂት ነጋዴ የሚመስሉ ሰዎችን አስከትሎ መጣ። እጅ መንሻ ብሎ ትኩስ ቼሪ ይዞላቸዋል። ካፒቴን ፎስተር ተቀብሎ ጋበዛቸው። ሲመለሱ ግን ቁጥራቸው በዝቷል። ሌላ ጀልባም ሰው ጢም ብሎባት ተከተለ። ዋናዎቹ መርከቧ ላይ እንደወጡ ካባው ተገለጠ፣ ሰይፍና ጩቤ ወጣ። ለካፒቴኑ አንተ የንጉሡ እስረኛ ነህ አሉት።

መርከበኞቹ ታች ነበሩ። ከሥር በጠመንጃ ተኮሱ፣ ጦር ይዘው ወጡ፣ ያገኙትን ወደ ባሕር ወረወሩ። ኮሬጂዶሩ ራሱ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አውጡኝ እያለ ሲማጸን አወጡት። አውጥተውም አልለቀቁትም፤ ይዘውት ለንደን ገቡ። በላዩ ላይ የተገኘው ነገር ከሰውየው ይበልጥ ዋጋ ነበረው፤ መርከቦቹን ያዙ የሚለው የንጉሡ ትእዛዝ። ለኤልሳቤጥ 1ኛ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፕሪምሮዝ ዕድለኛ ነበረች። በየወደቡ የቀሩት የእንግሊዝ መርከቦች ተያዙ፣ ጭነታቸውም አብሮ።

ንብረቱን ያጣ ነጋዴ ማን ይክሰው ነበር?

መንግሥት ካሳ አይከፍልም። የሚሰጠው ወረቀት ነው። የማካካሻ ፈቃድ እንበለው። በ1585 የበጋ ወራት መሰጠት ጀመረ። ነጋዴው ወደ አድሚራሊቲ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይህ የባሕር ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት ነው። ስፔን ውስጥ ይህን ያህል ተወስዶብኛል ብሎ በምስክር ያስረዳል። ከዚያ በራሱ ገንዘብ መርከብ ያስታጥቅና ከስፔን መርከቦች ላይ የጠፋበትን ፈልጎ ይወስዳል። ከሚያገኘው ላይ አንድ አሥረኛው ለባሕር ኃይሉ የበላይ ሹም ነው። ቀረጡም አለ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ምንም ያልጠፋባቸው ሰዎችም ፈቃዱን እያወጡ ወደ ባሕር ወጡ። ፈቃዱ ራሱ ንግድ ሆነ። ከኪሳራ ወጥቶ በዚህ ሥራ የከበረ ሰው ካስፈለገ ጆን ዋትስን ማየት ይበቃል። በ1585ቱ እገዳ ንብረት የተወሰደበት የለንደን ነጋዴ ነው። በኋላ ከመርከብ አስታጣቂዎቹ ሁሉ ዋነኛው ሆነ። በ1601 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን መራ፣ በ1606 የለንደን ከንቲባ ሆነ።

ሁሉም ግን ዋትስ አልነበረም። ኑሮው በስፔን ወይንና ዘይት ላይ የተመሠረተ ነጋዴ የሚፈልገው ሰላም ነው። መድፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ፈቃዱ ምን ያደርግለታል?

የተማረከው ሀብት ሁሌም ቤት ይደርሳል ማለትም አይደለም። በ1592 እንግሊዞች ማድሬ ደ ዴውስ የተባለች ግዙፍ የፖርቱጋል መርከብ ማረኩ። ቁንዶ በርበሬውም፣ ቅርንፉዱም፣ ሐሩም፣ ዕንቁውም ጢም ብሎባት ነበር። ዳርትማውዝ ወደብ ስትደርስ ግን መርከበኛውም የከተማው ሰውም ተረባረበባት። መንግሥት ሮበርት ሴሲልን ልኮ የተረፈውን ሲያስለቅም 140,000 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ተገኘ። የመጀመሪያው ግምት ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ፈቃድ ያለው ዘራፊ ከባሕር ወንበዴ በምን ይለያል?

በወረቀቱ። ሌላ ልዩነት ፍለጋ አትድከሙ። ሲያዝ ባለፈቃዱ የጦር እስረኛ ነው፣ ወንበዴው ይሰቀላል።

መርከቧ ከተማረከች በኋላ ወዲያው የማራኪው ትሆናለች?

አትሆንም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። መርከቧ ምርኮ የምትባለው ዳኛ ሲፈርድ ነው። ማራኪው የራሱን ጥቂት ሰዎች ያሳፍርባትና ወደ አገሩ ወደብ ይልካታል። የመርከቧ ወረቀት በሙሉ ይሰበሰባል፦ የጭነት ደረሰኝ፣ የባለቤትነት ሰነድ፣ የመዝገብ ደብተር፣ ደብዳቤ። ከመርከበኞቿ ሁለት ሦስቱ ይጠየቃሉ። ጥያቄዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ ናቸው። መርከቧ የት ተሠራች? ባለቤቷ ማን ነው? የት ይኖራል? ወረቀት ባሕር ውስጥ የጣለ ሰው ነበር?

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ያለ ምክንያት አልተጨመረችም። ጠላት ሲቃረብ ካፒቴኖች ወረቀታቸውን ድንጋይ አስረው ወደ ባሕር መወርወር የተለመደ ነበር።

ዕቃዬ በስህተት ተይዞብኛል የሚል ካለ ማስረዳቱ የእሱ ፋንታ ነው። ለንደን ውስጥ ለዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ዳኛ ሰር ዊልያም ስኮት ነው። ከ1798 እስከ 1828 በዚያ ወንበር ተቀምጧል። ፓሪስም የራሷ የምርኮ ችሎት ነበራት። የለንደን ነጋዴ የተማረከችበት መርከብ ጉዳይ የሚታየው በጠላቱ ዳኛ ፊት ነው ማለት ነው። ፍርዱ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ እንግሊዝ ከ1652 እስከ 1815 ከማረከቻቸው መርከቦች የተሰበሰበው ወረቀት አሁንም አለ። ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ከ35,000 በላይ መርከቦችን የሚመለከት ነው። ለባለቤቶቻቸው ያልደረሱ 160,000 ያህል ደብዳቤዎች አብረው አሉ። በ1758 ጋላቴ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ስትማረክ ሚስቶችና እናቶች ለመርከበኞቿ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በእንግሊዝ እጅ ገቡ። ያነበቧቸው የታሪክ ምሁር ሥራቸውን ይፋ ያደረጉት በ2023 ነው። ከ260 ዓመት በላይ ማንም አልከፈታቸውም ነበር።

ገንዘብ ከፍሎ ማስለቀቅ አይቻልም ነበር?

ለረጅም ጊዜ ይቻል ነበር። ማራኪው መርከቧን እስከ ወደብ ጎትቶ መውሰድ ይከብደዋል። በመንገድ ላይ ሊነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ከካፒቴኑ ጋር ይደራደራል። ይህን ያህል ፓውንድ እከፍላለሁ የሚል ወረቀት ይፈረማል። መርከቧ ትለቀቃለች። አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመኮንኖቹ አንዱ፣ መያዣ ሆኖ ከማራኪው ጋር ይቀራል። የይለፍ ወረቀትም ስለሚሰጣት ያ ወገን በመንገድ ላይ ዳግመኛ አይነካትም።

የመያዣው ሰው ዕጣ ግን ባለመርከቡ ጨዋ በመሆኑና ባለመሆኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1765 ለንደን ውስጥ አንድ ጉዳይ ለፍርድ ቀረበ። ከሳሹ ፈረንሳዊ ማራኪ ነው፣ ተከሳሹ እንግሊዛዊ ባለመርከብ። መያዣ ሆኖ የቀረው መርከበኛ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። ባለመርከቡ ገንዘቡን አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቱ ለፈረንሳዊው ፈረደ፤ ውል ውል ነው።

በ1782 ፓርላማው ነገሩን በሕግ ከለከለው። ቤዛ የሚከፈልበት መርከብ በበዛ ቁጥር የጠላት ዘራፊዎች ወደ ወደብ ሳይመለሱ ባሕር ላይ እየቆዩ ሌላውን ያድናሉ የሚል ሥጋት ነበር። ነጋዴው ደግሞ አንድ መውጫ ተዘጋበት።

የተማረከችውን መርከብ ወገን መልሶ ቢይዛትስ?

ለባለቤቷ ትመለሳለች፣ ግን በነፃ አይደለም። መልሶ የያዛት የባሕር ኃይሉ ከሆነ ከዋጋዋ አንድ ስምንተኛውን ይወስዳል። በ1690ዎቹ ሕግ መሠረት ባለፈቃድ የግል መርከብ ከሆነ ክፍያው ጠላት ዘንድ በቆየችበት ሰዓት ልክ ይጨምራል። ከ24 ሰዓት በታች አንድ ስምንተኛ፣ ከ96 ሰዓት በላይ ግማሽ! ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ከጠላት ይልቅ አዳኙ ያሳስበኛል ቢል የማይፈረድበት።

ታዲያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የት ነበር?

ነበር። ግን ባሕር ኃይሉ የሚፈልገው ውጊያ ነው፣ ነጋዴው የሚፈልገው ዘበኛ። ሁለቱን ያስማማው በአጀብ መጓዝ ነው። መርከቦቹ ወደብ ላይ ይሰበሰባሉ፣ የጦር መርከቦች ከበው ይወስዷቸዋል። ችግሩ ቆሞ መጠበቁ ነው። የመጨረሻው እስኪመጣ ወራት ያልፋል። ዕቃው ይበላሻል፣ የመርከበኛው ደመወዝ ይቆጥራል። ሁሉም በአንድ ቀን ገበያ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። በዝግታ ከሚሄደው ጋርም አብሮ መዝገም አለ።

አጀቡ ራሱ ሲከሽፍ ደግሞ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይሆንም። በ1693 ወደ ሰምርኔስ፣ ወደ ዛሬዋ ኢዝሚር፣ የሚጓዙ የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች ተሰበሰቡ። ወደ 400 ይጠጋሉ። ብዙዎቹ ከዓመት በላይ ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው። ዋናው የጦር መርከብ ጓድ እስከ ፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ አልፎ ድረስ ሸኛቸውና ተመለሰ። የፈረንሳይ ጦር የት እንዳለ ግን አላወቀም። አድሚራል ቱርቪል ከብሬስት ወጥቶ ፖርቱጋል ጠረፍ ላይ፣ ላጎስ አጠገብ አድፍጦ ነበር። የቀረው አጃቢ ጆርጅ ሩክ በእጁ ያለው ጥቂት የጦር መርከብ ነው። ሁለት የሆላንድ የጦር መርከቦች ለመሥዋዕት ቀርበው እስኪያዙ ተዋጉ። በዚያ መሃል ብዙዎቹ አመለጡ። 90 ያህል የንግድ መርከቦች ግን ጠፉ። ኪሳራው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ። የለንደን የገንዘብ ሠፈር ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ እንዲህ ያለ ዱላ አላረፈበትም ነበር።

ነጋዴዎቹ ፓርላማውን አላስቀመጡትም። ጩኸቱ ዓመታት ወስዶ በ1708 ፍሬ አፈራ። 43 የጦር መርከቦች ንግድ ለመጠበቅ ብቻ እንዲመደቡ በሕግ ተወሰነ።

በኦገስት 9 ቀን 1780 ደግሞ ሌላ መጣ። ወደ ካሪቢያንና ወደ ሕንድ የሚሄዱ 63 መርከቦች በሌሊት ከፊታቸው የመርከብ መብራት አዩ። የአጃቢያችን ነው ብለው ተከተሉት። ሲነጋ የተከተሉት የስፔኑን አድሚራል የሉዊስ ደ ኮርዶባን ጓድ ሆኖ ተገኘ። 55ቱ ተያዙ። አምስቱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ትልልቅ መርከቦች ነበሩ። ኪሳራው 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነው። አጃቢው ካፒቴን ጆን ሙትሬይ ከጦር መርከቦቹ ጋር አመለጠ። በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከመርከቡ ተነሳ። ብዙ ሳይቆይ ግን አንቲጓ ደሴት ላይ ሹመት አግኝቶ እናየዋለን። ሹም ይወድቃል እንጂ አይሰበርም ማለት ይህ ነው። ነጋዴው ግን ይሰበራል።

ያም ሆኖ አጀብ ካለመኖሩ መኖሩ ይሻል ነበር። በ1798 ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የውጭ ንግድ መርከብ በአጀብ እንዲጓዝ ሕግ ወጣ። ልዩ ፈቃድ ያላቸው ፈጣንና የታጠቁ መርከቦች ግን ብቻቸውን መሄድ ይችሉ ነበር።

ኢንሹራንስ አልነበረም?

ነበር፤ ያውም የደራ። ግን እንደ ዛሬ ትልቅ ኩባንያ አታስቡት። የመድን ውሉ አንድ ወረቀት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከሥሩ ስሙን ጽፎ ከአደጋው የዚህን ያህል እሸከማለሁ ብሎ ይፈርማል። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ሸክም መካፈሉ እድርን ይመስላል፣ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ለትርፍ ነው የሚፈርመው። መገናኛቸው ቡና ቤት ነበር። ከቡና ቤቶቹ አንዱ የኤድዋርድ ሎይድ ነው፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው ሎይድስ የመድን ገበያ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የቡናው አገር ሰዎች ስለሆንን ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

መድን ሰጪዎቹም ሰው ናቸው፣ ይከስራሉ። ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት የመርከብ መድን እየፈረመ ከነበሩት አንዱ በኋላ በደራሲነት የገነነው ዳንኤል ዴፎ ነው። በ1692 ሲከስር ዕዳው 17,000 ፓውንድ ነበር። ለውድቀቱ ሌሎች ንግዶቹም አስተዋጽኦ ነበራቸው። ከ1693ቱ ጥፋት በኋላ የከሰሩ መድን ሰጪዎች ከአበዳሪዎቻቸው ጋር እንዲስማሙ የሚረዳ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ በታችኛው ምክር ቤት አለፈ። የላይኛው ምክር ቤት ጣለው።

አረቦኑ፣ ማለትም ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከዜናው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ1814 አሜሪካዊው ካፒቴን ቶማስ ቦይል የእንግሊዝን ጠረፍ በሙሉ ከብቤአለሁ የሚል አዋጅ ጻፈ። አንዲት መርከብ ይዞ! ወረቀቱን ለቅቆ በሰደዳት መርከብ ላከና ሎይድስ በር ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። ቀልድ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ከእንግሊዝ አየርላንድ ድረስ ላለችው አጭር መንገድ እንኳ ከ100 ፓውንድ ላይ ከ13 ፓውንድ በላይ አረቦን ይጠየቅ ነበር።

የለንደን መድን ሰጪዎች ለጠላት መርከብም መድን ይሰጡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1740ዎቹ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር እየተዋጋች ለንደን ያሉ መድን ሰጪዎች የፈረንሳይ መርከቦችን ዋስትና ይፈርሙ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አንዷን ሲማርክ የለንደኑ ሰው ለፈረንሳዊው ይከፍላል። ፓርላማ ውስጥ ሲከራከሩ የነጋዴው ወገን ያፈረ አይመስልም። አረቦኑ ከሚከፈለው ካሳ ይበልጣል፣ እኛ ብንተወው ፈረንሳዮች የራሳቸውን ገበያ ያቋቁማሉ አሉ። ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። በ1748 ግን በሕግ ተከለከለ።

ነጋዴዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ምን ዘዴ ነበራቸው?

ዋናው ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ነው። አንድ ሰው አንድ መርከብ ሙሉ በሙሉ አይዝም። መርከብ በ16፣ በ32 ወይም በ64 ድርሻ ይከፋፈላል። ብልህ ነጋዴ ከብዙ መርከብ ትንሽ ትንሽ ይገዛል። ዕቃውንም በተለያዩ መርከቦች ይበትናል።

ሌላው ባንዲራ መቀየር ነው። ጦርነቱ ውስጥ ያልገባ አገር ሰው ስም ላይ መርከቡን በወረቀት ይሸጣል። እውነተኛው ባለቤት ለንደን ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው የክኒፕሃውዘን ነገር ነው። በሰሜን ባሕር ጠረፍ ያለች፣ በካርታ ላይ በአጉሊ መነጽር የምትፈለግ የጀርመን ግዛት ነበረች። በናፖሊዮን ዘመን በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች የሷን ባንዲራ አውለበለቡ። ጌታዋ ወረቀቱን መሸጥ ያውቅበት ነበር።

ናፖሊዮን በኖቬምበር 1806 ከበርሊን ባወጣው አዋጅ የእንግሊዝ ዕቃ ወደ አውሮፓ እንዳይገባ ሲከለክል ፎርጅድ ወረቀት ራሱ የሥራ መስክ ሆነ። አንዲት መርከብ ለእንግሊዝ ፈታሽ የምታሳየው አንድ ወረቀት፣ ለፈረንሳይ ፈታሽ ሌላ ወረቀት ትይዛለች። እንግሊዞች በ1807 የያዟት ሄሊጎላንድ ደሴት የኮንትሮባንድ መጋዘን ሆነች። ስኳርና ቡናው ከዚያ በጀልባ ወደ ጀርመን ይሾልካል። በ1810 ብቻ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ጠላት ወደቦች ለሚደረግ ንግድ ጭምር ከ18,000 በላይ ፈቃድ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ናፖሊዮን የተያዘው የእንግሊዝ ጨርቅ በየከተማው አደባባይ እንዲቃጠል አዘዘ። ጭሱን ያዩ የፍራንክፈርት ነጋዴዎች ከእንግሊዞቹ ያላነሰ አዝነዋል። ገንዘቡ የእነሱም ነበርና።

መርከበኞቹና ነጋዴዎቹ ራሳቸው ምን ይደርስባቸው ነበር?

በመጽሐፍ ላይ የሚቆጠረው የዕቃው ዋጋ ስለሆነ ሰዎቹ ይረሳሉ። በኖቬምበር 1800 የሩሲያው ጻር ጳውሎስ 1ኛ በወደቦቹ የነበሩትን የእንግሊዝ መርከቦች አገደ። እስከ 300 ይደርሳሉ። መርከበኞቹን በቡድን ከፋፍሎ በሩሲያ ክረምት ወደ መሃል አገር በእግር አስነዳቸው። ጻሩ በማርች 1801 ተገደለ። ልጁ እስክንድር 1ኛ ለቀቃቸው።

በ1803 ደግሞ እንግሊዝ የፈረንሳይ መርከቦችን መያዝ ስትጀምር ናፖሊዮን መልሱን በሰው ላይ አደረገ። ፈረንሳይ ውስጥ የተገኘ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ እንግሊዛዊ ወንድ ሁሉ ይያዝ አለ። ነጋዴ፣ ጎብኚ፣ ሐኪም አልለየም። ብዙዎቹ ቨርደን ከተማ ተወሰዱ። እስከ 1814 የቆዩ አሉ። ለሥራ ጉዳይ ለሁለት ሳምንት ሄዶ አሥራ አንድ ዓመት!

እንግሊዝ ሁልጊዜ ተበዳይ ነበረች ማለት ነው?

በጭራሽ። በ1755 ጦርነት ሳይታወጅ ወደ 300 የሚጠጉ የፈረንሳይ የንግድ መርከቦችን የያዘችው እንግሊዝ ናት። የቦርዶ ነጋዴ በዚያ ዓመት ያለቀሰው ለቅሶ የለንደኑ በ1585 ያለቀሰው ነው። በአብዛኞቹ ጦርነቶች እንግሊዝ ከተወሰደባት ይልቅ የወሰደችው ይበልጣል። ኪው ያለው የወረቀት ክምር ምስክር ነው።

ይህ ነገር መቼ ቀረ?

ለግል መርከብ የዘረፋ ፈቃድ መስጠት በ1856ቱ የፓሪስ ስምምነት ተወገዘ። በገለልተኛ መርከብ ላይ ያለ የጠላት ዕቃም፣ የጦር መሣሪያን የመሰለ የተከለከለ ዕቃ ካልሆነ በቀር፣ እንዳይነካ ተስማሙ። የጦር መርከብ የጠላትን የንግድ መርከብ መማረኩ ግን አልቀረም። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የምርኮ ፍርድ ቤቶች ሥራ ላይ ነበሩ።

ዛሬስ ይሆናል?

ጋላክሲ ሊደርን ማስታወስ ይበቃል። በኖቬምበር 19 ቀን 2023 የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። ባንዲራዋ የባሃማስ ነው፣ የምትሠራው ለጃፓን ኩባንያ፣ ሠራተኞቿ ከፊሊፒንስ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከዩክሬን፣ ከሩማንያና ከሜክሲኮ። ያዦቹ ያዩት ግን ከባለቤትነቷ ጀርባ ያለውን የእስራኤላዊ ነጋዴ ስም ነው። የባሃማስ ወረቀት እንደ ክኒፕሃውዘኑ አላዳናትም። ከዚያ በኋላ በዚያ መስመር ለሚያልፍ መርከብ የጦርነት አረቦን ናረ። ጅቡቲ የሚራገፈው የእኛ ዕቃም በዚያው ባሕር ነው የሚመጣው። ሃያ አምስቱ ሠራተኞች የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ከአሥራ አራት ወር በኋላ።